ከቀዩ ቀለም በታች ያለው ነጭ

የታሪክን ነገር ስናነሣ አብዛኛዎቻችን የምናስበው ስለ ነገሥታት፥ ስለ ጦርነትና ስለ ሐውልት ነው። ነገር ግን ሰው በእጁ ሠርቶ የተገለገለበት ዕቃ ሁሉ፥ ምንም ያህል ትንሽና ተራ ቢመስል፥ የዘመኑን ታሪክ ተሸክሞ ይገኛል። ብራና የሚመረምር ሊቅ የቀድሞው ጽሕፈት ተፍቆ ሌላ የተጻፈበት ገጽ ሲያጋጥመው የላይኛውን ብቻ አንብቦ አያልፍም፤ ብርሃን አስጠግቶ ከሥር የቀረውን የፊደል ጥላ ይፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣውም ነገር ይህንኑ ይመስላል፤ ገጹ ግን ብራና ሳይሆን ብረት፥ ጽሕፈቱም ቀለም ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1902 የማኮርሚክና የዲሪንግ ድርጅቶች ከሌሎች ጋር ተዋሕደው ያቋቋሙት ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት ፋርሞል የሚባለውን ትራክተር አወጣ። ከዚያ በፊት የነበሩት ትራክተሮች ከባድ እንደ መሆናቸው መጠን መሬት ለመገልበጥ እንጂ ቡቃያው ከበቀለ በኋላ በመደዳው መካከል ገብቶ ለመኰትኰት አይመቹም ነበር፤ ፋርሞል ግን ሁለቱንም ሥራ እንዲሠራ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ቀለሙ በመጀመሪያ ግራጫ ነበረ፤ በ1936 ወደ ቀይ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ቀለም የኩባንያው መታወቂያ ሆነ።

በአሜሪካ አገር በ1915 አካባቢ ከ25 ሚሊዮን የሚበልጡ ፈረሶችና በቅሎዎች ነበሩ፤ በ1960 ግን የቀሩት 3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። ታላላቆቹ እርሻዎች ቀድመው ወደ ሞተር ሲዞሩ፥ ጥቂት መሬት ያለው ገበሬና አትክልተኛው በበቅሎው ጸንቶ ቈየ፤ ትልቁ ትራክተር ከኪሱም ከማሳውም ጋር አልተመጣጠነለትምና። ፋርሞል ካብ የተባለችው ትንሽ ትራክተር በ1947 የወጣችው ለዚህ ሰው ነው። «ካብ» ማለት የአውሬ ግልገል ማለት ነው። ሞተሯ አራት ሲሊንደር ያለው፥ ስፋቱ ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚያንስ፥ ኃይሉም 10 የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ሞተሩ ወደ ግራ፥ መቀመጫው ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብለው ስለ ተሠሩ፥ ነጂው የሚኰተኵተውን መደዳ ከፊቱ ያለ መጋረጃ ያያል። የተሠራችውም በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ይሠራበት በነበረ ፋብሪካ ነው። እስከ 1979 ድረስ ከ200,000 የሚበልጡ ካቦች ተሠርተዋል።

በ1950 መጀመሪያ፥ ምእቱ ዓመት እኩሌታው ላይ ሲደርስ፥ ኩባንያው አንድ እንግዳ ነገር አደረገ። በሉዊቪል ከሚሠሩት ትንንሽ ትራክተሮች አንዳንዶቹ፥ ካብም ጭምር፥ ነጭ ተቀብተው ለነጋዴዎች ተላኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በቀዮቹ መካከል የቆመች ነጭ ትራክተር ዓይን ትስባለች። ነጋዴው ለገበሬዎች እየነዳ የሚያሳያት ናሙና እርስዋ ነበረች። ማሳየቱ ሲያበቃ ግን ቀይ ተቀብታ እንድትሸጥ የታሰበ ነበር። ስለዚህ በብዙዎቹ ላይ ነጩ ቀለም እንደ ሙሽራ ልብስ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ ከቀዩ በታች ተቀበረ።

እንግዲህ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከጎተራ ጥግ ዝጋ የተገኘችውን ካብ ለማደስ ይነሣል እንበል። አዋቂ ከሆነ፥ ከማጠቡ በፊት ፎቶግራፍ ያነሣታል፤ ተራ ቁጥሯ የተጻፈበትንም ትንሽ ሰሌዳ ያነባል። ቀጥሎ ቀልጠው በቅርጽ በፈሰሱት ብረቶች ላይ ያለውን ምልክት ይፈልጋል፤ ኩባንያው ወሩንና ቀኑን በቁጥር፥ ዓመቱን በአንድ ፊደል ያስቀርጽ ነበርና። ከዚያም ኮፈኑን፥ የነዳጅ ታንከሩንና ፓራፋንጎውን ይፈታል፤ ቡሎኑንና ዳዶውን በየሣጥኑ ይለያል። ዝገት ያጣበቀውን ዘይት እያጠጣ በትዕግሥት ያላቅቃል እንጂ በመዶሻ አይቸኵልም፤ የቸኰለ እጅ ቡሎኑን ከነጥርሱ ይሰብረዋል። ቅባቱንም ሁሉ አጥቦ ያጸዳል፤ ቅባት ባለበት ብረት ላይ አዲስ ቀለም አይጸናምና።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው ቀለሙን ማንሣት ሲጀመር ነው። በአሸዋ ግፊት ወይም በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ የሚፍቅ ሰው፥ ስልሳና ሰባ ዓመት የቈየውን ማስረጃ በግማሽ ቀን ያጠፋዋል። ጠንቃቃው ግን ሳንቲም የምታህል ቦታ መርጦ፥ ውሃ በነካ ደቃቅ ማለስለሻ ወረቀት ከመካከል ወደ ዳር እያሰፋ በዝግታ ያሻል። ያን ጊዜ ንብርብሩ እንደ ተቈረጠ ግንድ ቀለበት እየሆነ ይታያል፤ በመካከል ብረቱ፥ ቀጥሎ የፋብሪካው ቀለም፥ ከዚያም በየዘመኑ የተደረበው ሁሉ በተራው ይወጣል። ውሃ መንካቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን ሊኖር ስለሚችል ደረቅ አቧራው ለሚተነፍሰው ሰው ጠንቅ ነው። አሜሪካም የእርሳስ ቀለምን ለመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 ነው።

ነጭ ቀለም ተገኘ ማለት ግን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ነጩ ከቀዩ በላይ ከሆነ፥ ኋላ አንድ ባለቤት እንደ ወደደ የቀባው ነው። ከሥር ከብረቱ አጠገብ ተገኝቶ ቀዩ ከላዩ ቢሆን፥ የነጋዴውም ቀለም ባልደረሰበት ስውር ቦታ፥ ከታንከሩ ሥርና ከመሣሪያው ሰሌዳ ጀርባ ያው ነጭ ቢታይ፥ ተራ ቁጥሯና በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቀንም ከ1950 መጀመሪያ ጋር ቢስማማ፥ ያን ጊዜ ነገሩ በሦስት ምስክር ጸና ይባላል።

አሁን ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ይህች ትራክተር በምን ቀለም ትቀባ? አንዱ፥ «የተወለደችው ነጭ ሆና ነውና ወደ ልደቷ ትመለስ» ይላል። ሌላው፥ «ነጭ ሆና የታየችው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ቤተ ሰብ ያበላችው፥ ማሳ ያረሰችው፥ አባቴም የነዳት ቀይ ሆና ነው» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው ደግሞ፥ «ምንም አትቀቡአት፤ ዝገቷን አቁማችሁ ጠባሳዋን ተዉላት» ይላል። ሦስቱም ስለ እውነት ይናገራሉ፤ እያንዳንዳቸው የያዙት ግን የእውነትን አንድ ክፍል ነው።

ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ በ1964 በቬኒስ ከተማ የወጣው ቻርተር በዚህ ነገር ይረዳናል። ቻርተሩ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ማቆም እንዳለበት፥ በአንድ ሕንፃ ላይ ልዩ ልዩ ዘመናት የጨመሩት ተገቢ ሥራም መከበር እንዳለበት፥ አዲስ የተተካውም ክፍል ከጥንቱ ተለይቶ መታወቅ እንደሚገባው ይደነግጋል። ለሕንፃ የተባለው ለትንሽ የአትክልት ትራክተርም የማይሆንበት ምክንያት የለም።

በእኔ አስተያየት የቀለሙ ምርጫ የባለቤቱ ነው፤ ማስረጃውን የማጥፋት መብት ግን የማንም አይደለም። ቀይም ቢቀባት ነጭ፥ በአንድ ስውር ቦታ የእጅ መዳፍ የሚያህል የቀድሞው ንብርብር ሳይነካ ይቅር፤ ያደረገውንም ሁሉ ከፎቶግራፉ ጋር በደብተር ይጻፍ። ከሁሉ የሚከፋው ተራዋን ቀይ ካብ ነጭ ቀብቶ «ከ1950ዎቹ ናሙናዎች አንዷ ናት» ማለት ነው። ይህ እድሳት አይባልም፤ የሐሰት ሰነድ መጻፍ ነው። ገዢውን በገንዘቡ ይጐዳዋል፤ ከዚያ የባሰው ግን ነገ ታሪኩን የሚመረምረውን ተማሪ ማሳሳቱ ነው።

ነጩ ቀለም እንደ ተቀበረ አልቀረም። በ1961 ኩባንያው ካብ ካዴት የተባለችውን፥ 7 የፈረስ ጉልበት ያላትን የአትክልት ትራክተር ለገበያ ሲያቀርብ ቢጫና ነጭ አድርጎ ቀባት፤ ይህች የተዘጋጀችው ከገበሬው ይልቅ ከከተማ ዳር ቤት ሠርቶ ሣሩን ለሚያጭድ ሰው ነበረ። በቅሎውን ለተካው ቀይ፥ በሣር ሜዳ ላይ ለሚዞረው ቢጫ፤ የቀለሙን ለውጥ የተከተለ የኑሮውን ለውጥ ያነባል።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ አሮጌ ዕቃ ለማደስ እጅህን ስታነሣ፥ ትራክተርም ይሁን የግድግዳ ሥዕል፥ የመዝገብ ቤት ሰነድም ይሁን የአያትህ ሣጥን፥ ብሩሽህን ከማጥቀስህ በፊት በትንሽ ቦታ ላይ በዝግታ አሽተህ ከሥሩ ያለውን ተመልከት። አዲሱ ቀለም ነገም ይገኛል፤ የተፋቀው ግን አይመለስም።