የመኪና መንገድ የማይደርስበት የመጠጥ ቤት

በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ኖይዳርት የሚባል፥ በባሕርና በተራራ የታጠረ አገር አለ። በዚያ ኢንቨሪ በምትባል ትንሽ መንደር ውስጥ አንድ የመጠጥ ቤት ይገኛል፤ ስሙም ኦልድ ፎርጅ ነው፤ አሮጌው የብረት መቀጥቀጫ ማለት ነው። ቤቱ በቀድሞ ዘመን የብረት ቀጥቃጭ ቤት ስለ ነበረ ስሙ በከንቱ አልወጣለትም። በመንደሪቱ ውስጥ ጥቂት መንገድ ቢኖርም ከሌላው የብሪታንያ መንገድ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ወደዚያ ሊሄድ የወደደ ሰው ወይ ከማሌግ ወደብ በጀልባ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይሻገራል፥ ወይም ስንቁን በጀርባው አዝሎ ከኪንሎክ ሆርን ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተራራና ረግረግ በእግሩ ያቋርጣል። ደሴቶቹን ትተን፥ በብሪታንያ ዋና ምድር ካሉት የመጠጥ ቤቶች ሁሉ እጅግ የራቀው እርሱ እንደ ሆነ በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ተጽፎለታል።

መሸታ ቤት ሲባል በእኛ አነጋገር ጥቂት የንቀት ጠረን አለበት። እነርሱ ግን ፐብ የሚሉት «ፐብሊክ ሐውስ» የሚለውን አሳጥረው ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ቤት ማለት ነው። ዝናብና ነፋስ በማይለዩት አገር፥ ጎጆ ከጎጆ ተራርቆ በሚኖርበት ሥፍራ፥ እሳት የሚሞቅበትና ወሬ የሚሰማበት ቤት ይኸው ነው። ከብት ነጂዎች ከሰሜኑ ተራሮች ወደ ክሪፍና ወደ ፎልከርክ ገበያ ይወርዱ በነበረበት ዘመንም እንዲህ ያሉ ቤቶች ማደሪያ ይሆኑአቸው ነበር።

ውስኪ የሚለው ቃል የመጣው በጌይሊክ ቋንቋ የሕይወት ውሃ ከሚለው ስያሜ ነው። ስለዚህ መጠጥ በስኮትላንድ የሚገኘው እጅግ የቆየው የጽሑፍ ማስረጃ ግን የባለቅኔ ውዳሴ ሳይሆን የመንግሥት ግምጃ ቤት ሒሳብ ነው። በ1494 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በንጉሥ ጄምስ አራተኛ ትእዛዝ፥ ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ የሕይወት ውሃ ያወጣበት ዘንድ 8 ቦል ብቅል እንደ ተሰጠው በመዝገቡ ሰፍሮ ይገኛል፤ ቦል የእህል መስፈሪያ ነው። በመዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ሥራው አሰልቺ መስሎ ሲታየው ይህን ቢያስብ ሳይጽናና አይቀርም፤ ሒሳብ ጸሓፊው ያችን አንዲት መስመር ባይጽፍ ኖሮ መነኩሴውም ብቅሉም ተረስተው በቀሩ ነበር።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ገብሱ ተዘፍዝፎ ይበቅላል፥ ይደርቃል፥ ተፈጭቶ በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከተጠነሰሰና ከፈላ በኋላም እንደ አረቄ በእሳት ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ። ልዩነቱ በማድረቂያውና በማቆያው ላይ ነው። በምዕራቡ ደሴቶች ብቅሉን ሲያደርቁ ፒት የሚባለውን፥ ለብዙ ሺህ ዓመታት በረግረግ ውስጥ ተጠራቅሞ የኖረውን የዕፀዋት ብስባሽ አንድደው ያጥኑታል። ለኖይዳርት ጎረቤት በሆነችው በስካይ ደሴት ከ1830 ጀምሮ የሚወጣው ታሊስከር ይህን የጢስ ጣዕም ይዞ ይገኛል። ከዚያም በኦክ እንጨት በርሜል ይቀመጣል፤ 3 ዓመት ሳይሞላው ውስኪ ተብሎ እንዳይሸጥ ሕግ ይከለክላል። በየዓመቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉ ተንኖ ስለሚጠፋ ይህን የመላእክት ድርሻ ብለው ይጠሩታል። ቢራው ደግሞ በጌሾ ፈንታ ሆፕ የሚባል ሐረግ አበባ ይገባበታል። በጥንቱ ሥርዓት የተዘጋጀው ዓይነት በበርሜሉ ውስጥ ሳለም መፍላቱን ስለማይተው፥ በጀልባ ተንገላቶ ከደረሰ በኋላ ሳይነካ ካልሰከነ ጥሩ ሆኖ አይቀዳም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ሥፍራ የጠራ ቢራ የሚያቀርብ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ገንዘብ ባለበት ቀራጭ አይጠፋም። የስኮትላንድ ምክር ቤት በ1644 በዚህ መጠጥ ላይ ቀረጥ ጣለ፤ በ1725 ደግሞ የብቅል ግብር ቢታወጅ በግላስጎ ሁከት ተነሣ። ከዚህ በኋላ በየሸለቆው ጢሱን ከጭጋግ ጋር እያመሳሰለ በስውር የሚያወጣው በዛ። ቀረጡን የሚያቀል ሕግ በ1823 ወጥቶ ጆርጅ ስሚዝ የተባለው የግሌንሊቬት ሰው በማግሥቱ ዓመት ፈቃድ ቢያወጣ፥ በስውር ይሠሩ የነበሩት ጎረቤቶቹ ስለዛቱበት ሁለት ሽጉጥ ታጥቆ ይሄድ ነበር።

ውስኪው ሕጋዊ መንገድ ባገኘበት በዚያው ክፍለ ዘመን ግን የተራራው ሕዝብ ከመሬቱ ይነቀል ነበር። ባለ መሬቶቹ ከገበሬ ይልቅ በግ ይበልጥ እንደሚጠቅማቸው አስልተው ነበርና። ኖይዳርት የግሌንጋሪ ማክዶኔሎች ርስት ነበር፤ ጌታውም ጭሰኛውም በአንድ የዘር ስም የሚጠሩ ስለ ነበሩ ሕዝቡ መሬቱን እንደ ጋራ አደራ ይቆጥረው ነበር። ድንቹን በሽታ መትቶት ረኀብ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1853 የሟቹ ባለ ርስት ሚስት ጆሴፊን ማክዶኔል ጭሰኞቹን አስለቀቀች። ከ300 የሚበልጡት ሲለሪ በተባለች መርከብ ተጭነው ወደ ካናዳ ተላኩ። አንሄድም ያሉት ቤታቸው ፈርሶባቸው በፍርስራሹ ሥር ተጠለሉ።

ከዚያ ወዲህ መሬቱ ከአንዱ ሀብታም ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖረ። በ1930ዎቹ ሎርድ ብሮኬት የተባለው መኳንንት ገዛው፤ ይህ ሰው በ1939 በሂትለር 50ኛ የልደት በዓል ላይ ተገኝቶ የነበረ ነው። ከጦርነቱ በኋላ፥ በ1948፥ ሰባት የኖይዳርት ሰዎች ከሰፊው ርስት ላይ ጥቂት የእርሻ ቦታ ለየራሳቸው ከልለው ችካል ተከሉ። ከእነርሱም መካከል ለአገራቸው ተዋግተው የተመለሱ ነበሩ። ጌታው በፍርድ ቤት ከሰሳቸው፤ ሕጉም ለእርሱ ፈረደ። ሰባቱ ባዶ እጃቸውን ቀሩ፤ ዛሬ በኢንቨሪ የድንጋይ ሐውልት ቆሞላቸው ይታያል።

ነገሩ የተፈጸመው በ1999 ነው። ነዋሪዎቹ ከረዳቶቻቸው ጋር ባቋቋሙት ማኅበር አማካይነት 17,200 ኤከር፥ ማለት 7,000 ሄክታር የሚያህል መሬት ገዙ። የመጠጥ ቤቱ ግን በግል እጅ ቀረ። በኋላም ከባለቤቱ ጋር ባይስማሙ ከመጠጥ ቤቱ ትይዩ ትንሽ ዳስ ሠርተው፥ ጠረጴዛ ዘርግተው፥ ማታ ማታ እዚያ ይሰበሰቡ ጀመር። ቤቱ ለሽያጭ ሲቀርብ አክሲዮን አወጡ፤ ኢንቨሪን ከሩቅ የሚያውቋት ሰዎች ጭምር ገንዘብ አዋጡ፤ የስኮትላንድ የመሬት መግዣ ድጋፍ ፈንድም ረዳ። በመጋቢት 2022 የቤቱን ቁልፍ ተረከቡ።