አራት ሰው እስኪቀር አንጠብቅ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ትላለችና ታገሱኝ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ግሽ ዓባይ የደረሰው በ1763 ዓ.ም (በፈረንጆቹ 1770) ነው። ሁልጊዜ የምናወራው ስለ ምንጩ ነው። ሰውዬው ግን ሌላም ሥራ አሠርቷል፤ መኃልየ መኃልይን በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች አስተርጉሟል። አንዱ የዳሞት አገው ቋንቋ ነው፤ ዛሬ አውኚ የምንለው ማለት ነው። ሌላው እዚሁ ጎጃም ውስጥ በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረው ጋፋትኛ ነው። ጽሑፎቹ አሁን ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሁለቱም በአንድ ዘመን፣ በአንድ ሰው ትእዛዝ ተጻፉ። ከ170 ዓመት በላይ ቆይቶ ቮልፍ ሌስላው የሚባለው ተመራማሪ ጋፋትኛን ፍለጋ ሲመጣ፣ ሕዝቡ ወደ አማርኛ ዞሮ ቋንቋውን የሚያውቁ ያገኘው አራት ሰዎች ብቻ ነበር። ዛሬ አንድም የለም። ጋፋትኛ ወረቀት ተረፈለት፣ ሰው አጣ። አውኚ ሰው አለው፣ ያነሰው ወረቀት ነው።

"ልጆቻችን በአውኚ እየተማሩ አይደል እንዴ?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ በዞናችን አንደኛ ደረጃ ላይ ይማሩበታል። ዘጠነኛ ክፍል እኛ ጋ ሲደርሱ ግን ታሪኩም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ ያድጋል፣ ቋንቋው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የሚሆን መጽሐፍ ያስፈልገዋል። ግን ስምና ግስ ብቻ የሚዘረዝር ከሆነ ተማሪው ተፈትኖበት ይረሳዋል።

በ2012 ዓ.ም የፍሬሽማን ትምህርት ሲመለስ የተማራችሁበትን የእንግሊዝኛ ሞጁል አስታውሱ። ምዕራፎቹ ስለ ጤና፣ ስለ ዱር እንስሳት፣ ስለ ሕዝብ ብዛት ነበሩ። ቋንቋው በሌላ ትምህርት በኩል ነው የሚገባው። ለአውኚም ይኸው ይሠራል። አንዱ ምዕራፍ ታሪክ ይሁን፦ በ1932 ዓ.ም ስለተመሠረተውና ጥር 23 በፈረስ ጉግስ ስለምናየው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር። አንዱ ጂኦግራፊ፦ እሳተ ገሞራ ስለፈጠረው ስለ ዘንገና ሐይቅ። ሌላው ግብርናና ኢኮኖሚ፦ የፋግታ ለኮማ ዲከረንስ ከችግኝ እስከ ከሰል። ተማሪው ስለ ከሰል ዋጋ በአውኚ ሲከራከር ቃል ይጎድለዋል፤ ያኔ አያቱን ይጠይቃል፣ ካጣም ይፈጥራል። ቋንቋ የሚያድገው እንዲህ ነው።

ይህን የቋንቋ መምህር ብቻውን አይችለውም። የታሪኩ፣ የጂኦግራፊው፣ የግብርናው መምህር አብረው መቀመጥ አለባቸው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ደጃችን ላይ ነው፤ ቋንቋውን አሳምረው የሚያውቁት ሽማግሌዎችም ዛሬ አሉ።

ግቢ ያላችሁ ልጆቼ፣ ለዕረፍት ዳንግላም ሆነ እንጅባራ ስትመጡ አያቶቻችሁን ስለ ፈረስ ዕቃ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ዕርቅ በአውኚ አስወሯቸው፤ በስልካችሁም ቅዱ። መጽሐፉ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መልካም ሰንበት!