ያለ ሴንሰር ብልጥ የነበረው ማሰሮ

«ስማርት» የሚባለውን የአበባ መትከያ በማስታወቂያ ያላየ አንባቢ ያለን አይመስለንም። ሆዱ ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ አናቱ ላይ መብራት አለው፣ አፈሩ ሲደርቅ ለባለቤቱ ስልክ መልእክት ይልካል። ማስታወቂያው ታዲያ «ከተፈጥሮ የተማረ» የምትል ቃል ጣል ሳያደርግ አያልፍም። እኛም ጠየቅን፦ ከተፈጥሮ ምን ተማረ? የተማረውስ መቼ ነው? መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው ታሪክ ከዕቃው ይልቅ ገረመን። ያለ ባትሪ የሚሠሩ፣ ከተፈጥሮ የተማሩ ብልጥ ዕቃዎች ነበሩ፤ አንደኛው እንዲያውም የዓለምን ንግድ ገለባብጦታል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሩቁ እንጀምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1ኛው መቶ ዘመን ፋን ሼንግዢ የተባለ ቻይናዊ የግብርና ሊቅ ሜሎን ለሚያበቅሉ ገበሬዎች አንድ ዘዴ ጽፎ ነበር። የሸክላ ማሰሮ እስከ አፉ ድረስ አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ ዙሪያውን ዘር ይዘራል፣ ማሰሮው ውሃ ይሞላና ይከደናል። በቃ። ሸክላው በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ ውሃውን በግድግዳው በኩል ይስባል፣ ሲረጥብ መሳቡን ይተዋል። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ የሚቀዘቅዘውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ውሃው በሸክላው አልፎ እንደ ላብ ይወጣል፣ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ አፈሩ መድረቁን የሚለካም፣ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋም ያው ጭቃው ነው።

ይህ ግን ተክሉ በገዛ መሬቱ ላይ ሳለ ነው። ተክልን ከመሬቱ ነቅሎ በሣጥን ማኖር ሌላ ፈተና ነበር፣ በተለይ ሣጥኑ መርከብ ላይ ሲጫን። የባሕር ጨው ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ የሚጠጣ ውሃ ደግሞ ለመርከበኛውም አይበቃ። ጆን ሊቪንግስተን የተባለ ሐኪም በ1819 እንደጻፈው፣ ከቻይና ወደ እንግሊዝ ከሚጫኑት ሺህ ተክሎች አንዱ ቢተርፍ ነው።

የእኛም ቡና በዚህ መንገድ አልፏል። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ጃቫ የተሻገረው ቡና በ1706 አምስተርዳም ደረሰ፤ በ1714 ደግሞ የአምስተርዳም ሹማምንት አንዷን እግር ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አበረከቱ። ጋብሪኤል ደ ክሊዩ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ከዚያ ዘር አንዲት ችግኝ በመስታወት ሣጥን አድርጎ በ1720ዎቹ መጀመሪያ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ወሰዳት። በመንገድ ላይ ውሃ በራሽን ሲሆን ከድርሻው እያካፈለ እንዳጠጣት በስተርጅናው ራሱ ጽፏል። (ለራሱ ምስክር ራሱ መሆኑን አትርሱ።) ያም ሆነ ይህ ሣጥኑ ገና አልበለጠም፤ ተክሏ የተረፈችው ሰው ስለጠማው ነው።

ሣጥኑን ያበለጠው አጋጣሚ የተፈጠረው በ1829 ለንደን ውስጥ ነው። ናትናኤል ዋርድ በምሥራቅ ለንደን የሚኖር ሐኪም ነበር። ነፍሱ ግን ፈርን የሚባለውን፣ አበባ የሌለውንና ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀውን ተክል ትወድ ነበር። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ክቦ፣ ውሃ እንዲንጠባጠብለት ቧንቧ ዘርግቶ ፈርን ተከለ፤ የፋብሪካው ጭስ ግን ሁሉንም ፈጀበት። ተስፋ ቆርጦ ወደ ነፍሳቱ ዞረ። አንድ ቀን ወደ እሳት ራትነት ልትለወጥ የተጠቀለለች ትል እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ቀበረና ከደናት። የእሳት ራቷ ከመውጣቷ በፊት አንዲት ፈርንና አንድ የሣር ዘለላ ከአፈሩ ብቅ አሉ፤ ግቢው ውስጥ እምቢ ያለው ፈርን በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ!

ሌላ ሰው ቢሆን አፈሩን ደፍቶ ጠርሙሱን ያጥብ ነበር። ዋርድ ግን ቁጭ ብሎ ተመለከተ። ቀን ሲሞቅ እርጥበቱ ከአፈሩ ይነሣል፣ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛው ተንሸራቶ ተመልሶ አፈሩን ያርሳል። ደመና፣ ዝናብ፣ ምድር፣ ሁሉም በአንዲት ጠርሙስ። ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አኖረው፤ ተክሎቹም ጠብታ ውሃ ሳይጨመርላቸው አራት ዓመት ለሚሆን ጊዜ ኖሩ። የሞቱትም በጥማት አልነበረም። ዋርድ ቤት ባልነበረበት ወቅት ክዳኑ ዝጎ የዝናብ ውሃ ገባባቸው። ዛሬም የቤት ውስጥ ተክል በብዛት የሚሞተው በዚሁ በሽታ ነው፦ ፍቅር በበዛበት ማጠጫ።

በ1833 ዋርድ በፈርንና በሣር የተሞሉ ሁለት የመስታወት ሣጥኖች ወደ ሲድኒ በሚሄድ መርከብ ላይ አስጫነ። ለምልመው ደረሱ። ሣጥኖቹ በአውስትራሊያ ተክሎች ተሞልተው ተመለሱ፤ በመርከቡ ወለል ላይ ብርዱንም ሐሩሩንም ችለው ለንደን ሲገቡ አሁንም አረንጓዴ ነበሩ። ሎዲጅስ የተባለው ትልቅ የችግኝ ነጋዴ ቀድሞ ከ20 ተክል 19ኙ ይሞትበት እንደነበር፣ በዋርድ ሣጥን ግን 19ኙ እንደሚተርፍለት መሰከረ። በ1845 እንግሊዝ የመስታወት ቀረጥ ስታነሣ ደግሞ ዋጋው ረከሰና ሣጥኑ ሳሎን ገባ፤ ቤቱ ሁሉ በፈርን ፍቅር አበደ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያቆም እንዴት ባማረ ነበር! አላቆመም። በ1848 የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሮበርት ፎርቹንን ሻይ እንዲያመጣ ወደ ቻይና ላከው። ሰውየው የቻይና ልብስ ለብሶ፣ ለውጭ ሰው ወደተከለከለው መሬት ዘልቆ ችግኝና ዘር ሰበሰበ። ዘሩን በዋርድ ሣጥን አፈር ውስጥ ዘራው፤ ዘሩም ባሕር ላይ እያለ በቀለ። ወደ 20,000 የሚሆኑ የሻይ ተክሎች ሂማላያ ግርጌ ደረሱ። በ1876 ደግሞ ሄንሪ ዊክሃም 70,000 ያህል የጎማ ዛፍ ዘር ከብራዚል ወደ ለንደን አሻገረ። ከ2,000 በላይ የሚሆኑት በቀሉና አብዛኞቹ ችግኞች በዋርድ ሣጥን ወደ ሲሎን፣ ወደዛሬዋ ስሪ ላንካ ተላኩ። በ1910ዎቹ የእስያ ጎማ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ የአማዞን ከተሞች ከሀብት ማማ ወደቁ። በፍቅር የተሠራ የፈርን መኖሪያ በኢምፓየር እጅ የዘር ማሸሻ ሻንጣ ሆነ። ሣጥኑ ምን ያድርግ? እሱ የሚያውቀው ዝናብ ማዝነብ ብቻ ነው።

ሃያኛው መቶ ዘመን ላይ ፈጠን እንበል። በ1938 ስታንሊ ሃርት ዋይት የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ መምህር ግድግዳ ላይ ተክል የሚያሳድግ መዋቅር በፓተንት አስመዘገበ፤ የሰማው ጥቂት ነበር። ነገሩን ያስፋፋው ፓትሪክ ብላን የተባለው ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። በወጣትነቱ በታይላንድና በማሌዥያ ጫካዎች አንድ ነገር አስተውሏል፦ ብዙ ተክል አፈር የሚባል ነገር ሳይኖረው ውሃ በሚያረሰርሰው ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። እንግዲያው አፈሩን ምን አመጣው? ውሃ በሚመጥ ጨርቅ ላይ ሥር አስይዞ፣ ከላይ ውሃና ማዳበሪያ እያንጠባጠበ ግድግዳውን አለበሰው። በ2006 የተከፈተው የፓሪሱ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ግድግዳ የእሱ ሥራ ነው። እናደንቀዋለን፤ ግን ፓምፑ ሲቆም ጨርቁ ይደርቃል። የዋርድ ጠርሙስ ፓምፕ አልነበረውም።

ማስታወቂያዎቹ የሚወዷት ሌላ ወሬ ደግሞ አለች፦ «ናሳ እንዳረጋገጠው ተክል የቤትን አየር ያጸዳል»። ናሳ በ1989 ጥናት ማውጣቱ እውነት ነው፤ ግን ሙከራው የተደረገው በትንሽ የታሸገ ሣጥን ውስጥ እንጂ መስኮት ባለው ሳሎን አልነበረም። በ2019 የወጣ የድሬክስል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ግምገማ፣ መስኮት የሚሠራውን ሥራ በተክል ለመሥራት በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ማሰሮ ያስፈልጋል ብሏል። ወንበሩን የት ልናስቀምጥ ነው?

አሁን ወደ ስማርቱ እንመለስ። በ2009 ኢስቶኒያ ውስጥ የተመሠረተው ክሊክ ኤንድ ግሮው፣ ከነዘሩ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ካርትሪጅ፣ የውሃ ገንዳና መብራት ያለው መትከያ አምጥቶ ገበያ አግኝቷል። ፀሐይ ለማያይ አፓርታማ መብራቱ ቁም ነገር ነው፤ አንክድም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ስልኩ «አጠጣኝ» ሲል የሚያጠጣው አሁንም ያው ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ ወይም አፑን የሠራው ኩባንያ ሲዘጋ ዕቃው ተራ ፕላስቲክ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት ሳይናገር በሚሄድበት ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጤና አዳሙን በዘይት ቆርቆሮ በረንዳው ላይ ለሚያሳድግ ሰው የፋን ሼንግዢ ዘዴ እጅ ላይ ነው። ሸክላ ሠሪዎች ጋ ሄዳችሁ ትንሽ ማሰሮ ስትገዙ ያልተሟሸ መሆኑን ጠይቁ፤ ማሟሸት ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ለወጥ የማይሆነው፣ ውሃ የሚያልበው ነው ለተክል የሚፈለገው። ሰፋ ባለ መትከያ መካከል እስከ አፉ ቅበሩት፣ ሙሉት፣ ትንኝ እንዳይራባበት ክደኑት። ከዚያ በየጊዜው ክዳኑን ከፈት አድርጎ ማየት ነው፤ ሲጎድል መሙላት።