ከአዲስ አበባ እስከ ጅዳ፦ የበረራ ርቀትና የጉዞ ሰዓት

በአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያና በጅዳ ንጉሥ አብዱልአዚዝ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው ቀጥተኛ የአየር ርቀት ወደ 1,410 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የቀጥታ በረራው በአየር ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወደ መካ ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዙ ምእመናንና በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የሚጠቀሙበት መስመር ነው።

ሁለቱም ከተሞች በ39 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አቅራቢያ ስለሚገኙ ቀጥተኛው መስመር ከደቡብ ወደ ሰሜን ያመራል። የሰዓት አቆጣጠራቸውም አንድ ነው፤ ተጓዡ ጅዳ ሲደርስ የእጅ ሰዓቱን መቀየር አያስፈልገውም።

የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራል። በዚህ ፍጥነት ብቻ ቢሰላ ጉዞው ከአንድ ሰዓት ተኩል ብዙም ባልበለጠ ነበር። ይሁንና ሽቅብ መውጣትና ለማረፍ ዝቅ ማለት የራሳቸውን ጊዜ ይወስዳሉ። በቲኬት ላይ የሚሰፈረው ሰዓት ደግሞ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነሣበት አንሥቶ ጅዳ መቆሚያው እስኪደርስ ያለውን ጊዜ ስለሚያካትት ከበረራው ይረዝማል።

ርቀቱ ባይለወጥም የሚበረርበት መንገድ ሊለወጥ ይችላል። ቀጥተኛው መስመር ሰሜን ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና ቀይ ባሕርን ያቋርጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው በአስመራ በኩል ነበር። በ1998 የሁለቱ አገሮች ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን ለሃያ ዓመታት ያህል የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የኤርትራን ሰማይ እየዞሩ ለመጓዝ ተገደዋል። መንገዱ የተከፈተው በ2018 ሰላም ሲወርድ ነው። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲጀመርም የሰሜን ኢትዮጵያ የአየር ክልል ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። አውሮፕላን ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ጊዜውም ነዳጁም ይጨምራል፤ ስለዚህ የጉዞ ሰዓትን በኪሎ ሜትር ብቻ መገመት አያዋጣም።

ኢትዮጵያዊ ተጓዥ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅበት የሚገባው የቲኬት አነባበብ ነው። ቲኬት የሚታተመው በአውሮፓውያን ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን፣ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። በኢትዮጵያ ልማድ ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ በመሆኑ በሁለቱ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። ለምሳሌ 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ 22:00 ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው።

«ሰኞ 01:30» የሚል ቲኬት እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:30 ማለት ነው። ዓለም አቀፍ ተጓዦች ከበረራው ሦስት ሰዓት ያህል ቀድመው እንዲገኙ ስለሚመከሩ፣ ይህ መንገደኛ ቦሌ መድረስ ያለበት እሑድ ከምሽቱ 4:30 ገደማ ነው። «ሰኞ»ን አይቶ ሰኞ ማታ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ተቃርቧል። የሁለት ሰዓቱ በረራ እንዳያመልጥ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ መጻፍ ይበጃል።