ጦርነት በደራስያን ብዕር

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው አንኮበር፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የክተት ነጋሪት ያስመቱበት የነበረ የሸዋ መናገሻ ነው። በ1833 ዓ.ም. እዚያ የደረሰው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪስ፤ ንጉሡን በዘመቻ ተከትሎ የመንደሮችን መቃጠልና የምርኮኞችን መከራ በመጽሐፉ ጽፏል። ሆኖም የጻፈው እንግዳ ስለ ሆነ፤ ወታደሩም ምርኮኛው ገበሬም በገዛ አንደበታቸው አልተናገሩም። የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕልም ቢሆን የሚተርከው ይልቁን የነገሥታቱን ድል ነው።

ይህን ጉድለት መሙላት የልብ ወለድ ድርሻ ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚነሣው ከሽንፈት ነው፤ የጦር አለቃው መማረክ ቤተ ሰቡን በትኖ ልጆቹን ለስደት ይዳርጋል። ከነጻነት በኋላ ግን አገር የሚያስፈልጋት ምሳሌ ነበርና፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» በተባለው ድርሰታቸው የተማረውን ወጣት አርበኛ አድርገው አቀረቡ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» በገበሬዎች ላይ በዘመቱት በፊታውራሪ መሸሻ ከንቱ ጀግንነት አሳቁን፤ ኋላም በሽሬ ግንባር የዘመቱበትንና የተማረኩበትን ጦርነት በ«ትዝታ» ያለ ፉከራ ተረኩልን። በዓሉ ግርማ የቀይ ኮከብን ዘመቻ በ«ኦሮማይ» ቢገልጡ መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከወጡበት አልተመለሱም።

ከዚህ የምንረዳው፤ ጀግናን ማወደስና የጦርነትን ዋጋ መናገር ሁለቱም የደራሲ ተግባር መሆናቸውን ነው። አንዱ ከሌላው ሲለይ ውዳሴው ፉከራ፤ እውነቱም ልቅሶ ብቻ ይሆናል።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከኃይለ ማርያም ማሞና ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በሰሜን ሸዋ ገደላ ገደል የተዋጉ አርበኞች ብዙዎች ናቸው፤ መሪዎቹ በታሪክ ሲጠሩ፣ ስንቅ ያቀበለችው ሴትና ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬ ግን በቤተ ሰብ ወግ ብቻ ይታወሳሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወደ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜ የተፈናቀሉትም ገና ደራሲያቸውን ይጠብቃሉ። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሰዎች ፈልገው ይጠይቁ፤ ያልተጻፈ ቃል ከተናጋሪው ጋር ይቀበራልና።