«እሽከረከራለሁ»፤ የቮልቮ መኪናና የባለቤቶቿ ታሪክ

በእኛ አገር መንገድ የተጓዘ ሰው ሁሉ ቮልቮ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው የጭነት መኪናው ነው። ተሳቢ እየጎተተ፣ ዳገቱን እያጓራ የሚወጣው፣ እህሉንም ሲሚንቶውንም ሰዉንም የሚያመላልሰው መኪና ማለታችን ነው። ከመካከላችንም ብዙዎቻችን ከጭነት ላይ ተቀምጠን፣ የሸራ ገመድ ጨብጠን የመጣን ነን። ባለፈው ውይይታችን ላይ አንድ ወጣት «ቮልቮ በዓለም የታወቀው እኮ ሰውን ከአደጋ በመጠበቁ ነው» ቢል፣ ሌላው «ታዲያ እኛን ከላይ ስንወጣ ምን ጠበቀን?» ሲል መለሰለት። ነገሩ በሳቅ አለፈ። ጥያቄው ግን ስላልለቀቀን ዛሬ ስለዚሁ ልንጽፍ ተነሣን። የምናወሳው በይበልጥ ስለ ቤት አውቶሞቢሉ ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው በስዊድን አገር፣ ጎተንበርግ ከምትባለው የወደብ ከተማ ነው። አሳር ጋብሪኤልሶን የሚባል የንግድ ሰውና ጉስታፍ ላርሶን የሚባል መሐንዲስ ሁለቱም ኤስ.ኬ.ኤፍ. በሚባለው የኩሽኔታ ፋብሪካ የሠሩ ነበሩ። በ1924 ስቶክሆልም ላይ ተገናኝተው ለአገራቸው መኪና ሊሠሩ ተስማሙ። የስዊድን ብርድ ብርቱ ነው፤ የዚያን ዘመን መንገዱም ጠጠርና ጉድጓድ የበዛበት ነበር። ከውጭ የሚመጣው መኪና ለዚህ አይሆንም፣ ጠንካራ ያስፈልጋል አሉ። ስሙንም ኤስ.ኬ.ኤፍ. በ1915 ለኩሽኔታ አስመዝግቦት ከነበረው ወሰዱ። ቮልቮ በላቲን ቋንቋ «እሽከረከራለሁ» ማለት ነው።

የመጀመሪያይቱ መኪና ከፋብሪካው የወጣችው ኤፕሪል 14 ቀን 1927 ነው። አራት ሲሊንደርና 28 የፈረስ ጉልበት ያላት ክፍት መኪና ነበረች። እንደሚተረከውም ወደ ፊት ትነዳለች ተብሎ ማርሽ ቢገባላት ወደ ኋላ ሄደች፤ ለካስ የኋላው ዲፈረንሻል ተገልብጦ ኖሯል የተገጠመው። በዚያ ብርድ ክፍት መኪና የሚፈልግ ገዢም ብዙ አልተገኘም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኩባንያውን ደግፎ ያቆመው በ1928 መሠራት የጀመረው የጭነት መኪና ነው። እኛ የምናውቀው ቮልቮ እንግዲህ ለታላቂቱ እኅቱ ባለውለታ ነው ማለት ይቻላል።

ኩባንያው የመሥራቾቹ ቃል አድርጎ እስከ ዛሬ የሚያነሣው አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም መኪና የሚነዳው ሰው ስለሆነ የሥራው ሁሉ መነሻ የሰው ደኅንነት መሆን አለበት የሚል ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቃል ማንም ነጋዴ ሊናገረው ይችላል። ቃሉን ሥራ ያደረገው ምን እንደሆነ ስንመረምር ያገኘነው፣ የብረቱ ውፍረት ሳይሆን የባለቤቶቹ ምስክርነት ነው።

በ1944 ፒ.ቪ. 444 የተባለች ትንሽ መኪና ለሕዝብ ታየች። የፊት መስተዋቷ ሁለት ሉሕ ሆኖ በመካከሉ ስስ ሽፋን የተጣበቀበት ስለነበረ ቢሰበርም ስባሪው ፊት ላይ አይረጭም። ከዚህ የበለጠ ፍሬ ያፈራው ግን በ1954 የመጣው የንግድ ዘዴ ነው። ኩባንያው በስዊድን አገር ይህችን መኪና ለሚገዛ ሰው ሁሉ፣ መኪናዋ በአደጋ ብትጎዳ እስከ አምስት ዓመት ድረስ የጥገናውን ወጪ እችላለሁ ሲል ዋስትና ሰጠ። የመድን ድርጅቶች ነገሩን አልወደዱትም። ባለ መኪናው ግን ደስ አለው፤ ሲጋጭም ሲገለበጥም ወደ ቮልቮ ጋራዥ መጣ። እንዲህ እያለ የየአደጋው ወሬ ወደ አንድ ቤት ይጠራቀም ጀመር። ለገበያ ተብሎ የተጀመረው ነገር ሳይታሰብ የአደጋ መዝገብ ወለደ።

በ1956 ጉናር ኤንገላው የሚባል ሰው የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሆነ። የቅርብ ዘመዱ በመኪና አደጋ ሞቶበት እንደነበረ ይነገራል። እርሱም በ1958 ኒልስ ቦሊን የሚባለውን መሐንዲስ ቀጠረ። ቦሊን ቀድሞ በሳዓብ ፋብሪካ ሲሠራ፣ የጦር አውሮፕላን ሲመታ አብራሪውን ወደ ውጭ ወርውሮ የሚያድነውን ወንበር ከሚያዘጋጁት አንዱ ነበር። አዲሱ ሥራው ግን ከዚያ የባሰ ከበደው። አብራሪ ከሞት ለመዳን ሲል ምንም ዓይነት መታጠቂያ ይታገሣል፤ ገበያ የሚሄድ ሰው ግን ለአንድ ደቂቃ እንኳ መጨነቅ አይወድም።

እዚህ ላይ ነገሩን ገልጠን እንናገር። መኪና ከግንብ ጋር ሲጋጭ መኪናው ይቆማል፤ በውስጡ ያለው ሰው ግን አይቆምም። መኪናው ይሄድበት በነበረው ፍጥነት ወደ መሪው ወይም ወደ መስተዋቱ ይወረወራል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረ ሰው የሚያገኘው ምት 10 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ወድቆ መሬት እንደሚመታው ነው። በእጄ ተደግፌ እቆማለሁ የሚል ሰው ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ በእጁ ለመቆም እንደሚያስብ ይቁጠረው።

ከቦሊን በፊትም ቀበቶ ነበረ። ወገብ ብቻ የሚያስረው ቀበቶ ደረትና ራስን ለቆ ሆድን ይጎዳ ነበር። ከትከሻ ወደ ጎን ብቻ የሚወርደው ደግሞ ሰውየውን በሥሩ ያሾልከዋል፤ ቁልፉም የጎድን አጥንት አጠገብ ሆኖ ያቆስላል። በአሜሪካ ግሪስዎልድና ደሄቨን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1955 በሦስት ቦታ የሚያዝ ቀበቶ አስመዝግበው ነበር፤ በስዊድንም የመንግሥት ኤሌክትሪክ ኃይል መሥሪያ ቤት መሐንዲሶች ሠራተኞቻቸው በመንገድ እየሞቱ ስላስቸገሯቸው ቀበቶ ሲፈትኑ ቆይተዋል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ከአንድ ሰው ራስ ፈለቀ ማለት ሐሰት ነው። የቦሊን ብልሃት የደረቱንና የወገቡን ማሰሪያ አንድ አድርጎ በዳሌ ጎን፣ ዝቅ ካለ ቦታ ላይ ማገናኘቱ ነው። ጭነቱን የሚችሉት የደረትና የዳሌ አጥንቶች ናቸው፤ ሆድ ይተርፋል። ከሁሉም በላይ በአንድ እጅ ይታሰራል። ኦገስት 13 ቀን 1959 ይህ ቀበቶ የተገጠመላት የመጀመሪያይቱ መኪና፣ ፒ.ቪ. 544፣ ክሪስቲያንስታድ ለሚገኝ ሻጭ ተላከች።

ቀጥሎ የሆነው ነው እኛን ይበልጥ ያስደነቀን። ኩባንያው የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ ሳለ ሌሎች የመኪና ፋብሪካዎች ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ነጋዴ ከተፎካካሪው የሚበልጥበትን ነገር አውጥቶ ለተፎካካሪው ሲሰጥ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለም።

ስጦታ ግን ሁልጊዜ አይመሰገንም። ገዢዎች ቀበቶውን ያዩት በጥርጣሬ ነበር። «መኪናው ካላስፈራ ለምን ያስሩናል?»፣ «መኪናው ቢቃጠል እንዴት እንወጣለን?» ይሉ ነበር። ክርክሩን የፈታው ያ የአደጋ መዝገብ ነው። ቦሊን በስዊድን የቮልቮ መኪናዎች የደረሰባቸውን 28,000 አደጋዎች መርምሮ ውጤቱን በ1967 አሜሪካ ላይ አቀረበ። ቀበቶ ካላሰሩት መካከል በሁሉም ዓይነት ፍጥነት፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እንኳ፣ የሞቱ ነበሩ። ካሰሩት መካከል ግን በሰዓት ከ96 ኪሎ ሜትር በታች በደረሰ አደጋ የሞተ አንድም ሰው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ሕጉ ተከተለ። በአሜሪካ ከ1968 ጀምሮ ለአዲስ አውቶሞቢል ቀበቶ መግጠም ግዴታ ሆነ። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ ሀገር በ1970፣ ስዊድን ራሷ በ1975 ማሰሩን ግዴታ አደረጉ። ልብ በሉ፤ እነዚያ 28,000 አደጋዎች የተጻፉት መኪናቸው የተጨፈለቀባቸው ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው በመናገራቸው ነው።

ኩባንያውም ነገሩን አልተወውም። በ1970 የአደጋ መርማሪ ቡድን አቋቋመ። በጎተንበርግ አካባቢ የቮልቮ መኪና ከባድ አደጋ ሲደርስባት መርማሪዎቹ ወደ ቦታው ይሄዳሉ፤ የፍሬኑን ምልክት ይለካሉ፤ የተጎዳውን ሰው ማን የት ተቀምጦ እንደነበረ ይጠይቃሉ። እስከ ዛሬ ከ40,000 በላይ መኪናዎች በዚህ መዝገብ ገብተዋል። ሌላም ብዙ ነገር ወጣ። የሕፃን ራስ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ስለሆነ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ መቀመጥ እንዳለበት ፕሮፌሰር በርቲል አልድማን የጠፈር ተጓዦችን አቀማመጥ አይቶ አሰበ፤ የመጀመሪያው ወንበር በ1964 በቮልቮ መኪና ተፈተነ። በ1991 የጎን ግጭትን የሚከላከል አሠራር፣ በ1998 ከኋላ ሲገጩ አንገትን የሚያድን ወንበር መጣ። በ2019 ደግሞ ለመፈተኛ የሚያገለግለው አሻንጉሊት በአብዛኛው በወንድ ልክ ስለተሠራ ሴቶች ይበልጥ እንደሚጎዱ ገልጦ፣ የምርምር ወረቀቱን ለማንም ክፍት አደረገ።

ባለቤቶቿ ስለ መኪናይቱ ምን ይላሉ? በአሜሪካ ከአደጋ የተረፉ ሰዎች «ቮልቮ ሕይወቴን አዳነች» የሚል ማኅበር ነበራቸው። ኧርቭ ጎርደን የሚባል የኒው ዮርክ የሳይንስ መምህር በ1966 የገዛትን ፒ. 1800 እየነዳ በ2013 ሦስት ሚሊዮን ማይል፣ ማለት 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አስቆጠረ። በ2018 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም አልተለያዩም። ምሥጢሩን ሲጠየቅ መኪናዋን በመመሪያው መሠረት መንከባከብ ነው ይል ነበር። ከ1974 እስከ 1993 የተሠራችውን 240 የነዱ ግን ሁሉም አያሞግሱም። እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን ናት፣ ትከብዳለች፣ አትፈጥንም ይላሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት አያሌዎቹ የሞተር ሽቦ ሽፋናቸው እየተፈረፈረ ባለቤቶቹን አስቸግሯል።

እውነቱን ለመናገር ውርደትም ደርሶበታል። በ1990 በአሜሪካ በተሠራ ማስታወቂያ፣ አንድ ግዙፍ መኪና በተሰለፉ አውቶሞቢሎች ጣራ ላይ ሲነዳ ሌሎቹ ተጨፍልቀው ቮልቮይቱ ብቻ ቆማ ታየች። በኋላ ግን የእርሷ ጣራ በድብቅ ተደግፎ፣ የሌሎቹ ምሰሶ ተቆርጦ እንደነበረ ታወቀ። ኩባንያውና የማስታወቂያ ድርጅቱ በ1991 እያንዳንዳቸው 150,000 ዶላር ከፈሉ። 28,000 እውነተኛ አደጋ በእጁ ያለ ቤት አንድ የሐሰት አደጋ መፍጠሩ ያሳዝናል፤ ትምህርትም ነው። ስም የሚሠራው በብዙ ዓመት፣ የሚበላሸው በአንድ ቀን ነው።

አውቶሞቢሉ ዛሬ የስዊድኖች ንብረት አይደለም። በ1999 ፎርድ ገዛው፤ በ2010 ደግሞ ጂሊ የተባለው የቻይና ኩባንያ ያዘው። የጭነት መኪናው ግን ከቀድሞው ኩባንያ ጋር ቀርቷል። አውቶሞቢል ሠሪው እስከ 2020 በአዲስ ቮልቮ ውስጥ የሚሞትም ሆነ ክፉኛ የሚጎዳ ሰው እንዳይኖር ተመኝቶ ነበር። በመጨረሻ ግን ፍጥነት፣ ስካርና የሾፌር መዘናጋት ከመሐንዲስ እጅ ውጭ እንደሆኑ አምኖ፣ በዚያው ዓመት መኪናዎቹ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ ገደበ።

እንግዲህ ወደ ወዳጃችን ጥያቄ እንመለስ። በጭነት ላይ የተቀመጠን ሰው ምን ይጠብቀዋል? ምንም አይጠብቀውም። ቀበቶው ያለው ጋቢና ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን የአገራችንን ሚኒባስ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ፊት የተቀመጠው ሰው ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ቀበቶውን ስቦ ደረቱ ላይ ይይዛል፤ ፖሊሱ ሲታለፍ ይለቀዋል። ፖሊሱን ሸወድን ብለን እንስቃለን። ግንቡ ግን አይሸወድም። ይህ ነገር ለሁሉም በነፃ የተሰጠ ነው፤ ለመጠቀም የቮልቮ ባለቤት መሆን አያስፈልግም።

ሌላው ግን ከቀበቶው ይበልጣል። በእኛ ዘንድ መኪና ሲገለበጥ «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን፤ አልቅሰን እንቀብራለን፤ ነገሩም ከሰውየው ጋር ይቀበራል። ከመካከላችን በመንገድ ወንድሙን የቀበረ አለ። ስንት ሰው ተጭኖ ነበር? ሟቹ የት ተቀምጦ ነበር? ሾፌሩ ስንት ሰዓት እንቅልፍ ሳይተኛ ነድቷል? እስከ ዛሬ የጠየቀው የለም። ስዊድኖቹ ከእኛ የተለየ ሞት አልሞቱም፤ ልዩነቱ ጠይቀው መጻፋቸው ነው።

ይህን ለማድረግ ፋብሪካ አያሻም፤ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ስለዚህ ከክበባችን ደብተር ኋላ ጥቂት ገጾች ለዚሁ ትተናል። በመንገድ አደጋ የደረሰበት ወይም ያየ ሰው መጥቶ ይንገረን፤ ስም አንጽፍም፤ የሆነውን ብቻ እንጽፋለን። የመጀመሪያውን ገጽ ያ ወንድሙን የቀበረው ጓደኛችን ትናንት ማታ አስሞልቶናል።