ከምን አለሽ ተራ እስከ ጨው ባሕር፦ የአለት ኮር እንደ ታሪክ ሰነድ



ንግግሬን የምጀምረው ከመርካቶው ምን አለሽ ተራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሳልፍ፣ ከአንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ደጃፍ በቁፋሮ የወጣ የአለት ኮር ይቀመጥባቸው የነበሩ ሣጥኖች ተደራርበው አየሁ። በጎናቸው የጉድጓድ ቁጥርና የጥልቀት ልክ በቀለም ተጽፏል። ባለሙያው የከሰል ምድጃ ሊሠራባቸው ነበር። «ድንጋዩስ?» አልሁት። «እኔ ዘንድ የመጣው ባዶው ነው» አለኝ።

ባለሙያውን አልወቅስም። ምን አለሽ ተራ የሚኖረው ዕቃ የቀድሞ ታሪኩን ትቶ ዳግም እንዲያገለግል በማድረግ ነው፤ በርሜሉ ምድጃ፣ የመኪናው ጎማ ጫማ ይሆናል። ኮር ግን ታሪኩን ከተወ አያገለግልም። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደ ወጣ፣ የትኛው ጫፉ ወደ ላይ እንደ ነበር ካልታወቀ ተራ ድንጋይ ነው።

ስለዚህ ናሙናን ሳይጎዱ ማዘጋጀት የሚጀምረው ከመጋዙ በፊት ነው። ኮሩ በጥልቀቱ ቅደም ተከተል ይደረደራል፤ ላይና ታቹ ምልክት ይደረግበታል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። ከዚያ በቁመቱ ለሁለት ይከፈላል፦ ግማሹ ለምርመራ፣ ግማሹ ለማኅደር። ጠንካራ አለት በአልማዝ መጋዝ ውሃ እየፈሰሰበት ይቆረጣል። በውሃ የሚያብጥ ሸክላማ አለት ግን በዚሁ መንገድ ቢቆረጥ ይፈራርሳል፤ በኃይለኛ ሙቀት ቢደርቅም ይሰነጣጠቃል።

የዚህ ጥንቃቄ ምስክር በአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በደቡብ ኢትዮጵያ በምትገኘው ጨው ባሕር፣ እስከ 280 ሜትር ገደማ የሚወርዱ ሁለት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ተቆፈሩ፤ በአንዱ የጎደለው በሌላው እንዲሟላ ነው። የወጣው የደለል ኮር በአሜሪካ ወደሚገኘው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተልኮ በመጀመሪያ ሳይከፈት በመሣሪያ ተለካ፤ ከዚያ በኋላ ተሰነጠቀ። ከእርሱም የ620,000 ዓመታት ገደማ የአየር ንብረት ታሪክ ተነበበ። የክፍሎቹ ተራ ቢዛነፍ ኖሮ ዘመናቱም በተዛነፉ ነበር።

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝና ኮርን የማየው እንደ ብራና ነው፤ ቅጠሎቹ የተቀላቀሉበት ብራና ቢኖርም አይነበብም። የሰፈሩ ስም የሚጠይቀውን ጥያቄ ለየመጋዘኖቻችን እናቅርብላቸው፦ ምን አለሽ? መልሱ «ድንጋይ» ብቻ ከሆነ፣ ከሣጥኑ ጋር ታሪኩንም ሸጠነዋል ማለት ነው።